አስተማሪው ፓስፖርታችን ነው

ደቡብ ኮሪያ እንግሊዝኛ እናስተምራለን ስንል አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁናል። አንደኛው «ኑሮው እውነት ድራማው ላይ እንደምናየው ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኛስ መምጣት አንችልም?» የሚል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፣ ጨዋታም አለው። የሁለተኛው አጭር ነው፤ አትችሉም። ዛሬ ሁለቱንም አብረን እንመልሳለን። ምክንያቱም የኛ የቅዳሜ ሽርሽርና የእናንተ የተዘጋ በር የአንድ ሕግ ልጆች ናቸው።

ማን እንደሆንን ካላወቃችሁ ነገሩ ስለማይገባችሁ እሱን እናስቀድም። አዲስ አበባ ተወልደን ፊደል ቆጥረን፣ ኋላ ከወላጆቻችን ጋር ካናዳና አሜሪካ ገብተን የዚያን አገር ፓስፖርት የያዝን ሐበሾች ነን። እንግሊዝኛን የጀመርነው እንደ እናንተው፣ አፕል የሚባለውን ፍሬ በዓይናችን ሳናይ «ኤ ፎር አፕል» እያልን ነው። ዛሬ የኮሪያ ልጆች «ቲቸር!» እያሉ ይጠሩናል። በዚሁ እንበላለን፣ በዚሁ እንዝናናለን።

ኑሮው እንዲህ ነው

ኮሪያ ውስጥ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ወደ «ሃግዎን» ነው የሚሄደው። ሃግዎን ማለት ወላጅ ከኪሱ የሚከፍልበት የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ነው። የኛን አገር ጥናት ፎቅ ላይ አውጥታችሁ፣ በር ላይ ልጆች የሚያመላልስ ቢጫ ሚኒባስ አቁማችሁ አስቡት። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኮሪያ ወላጆች ለግል ማጠናከሪያ ትምህርት ያወጡት ወደ 27 ትሪሊዮን ዎን ይጠጋል። ሶል ውስጥ ሃግዎኖች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ የሚከለክል ደንብ አለ። ደንቡ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተከሶ በ2009 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል። እስቲ አስቡት፣ ልጆች ማታ 4 ሰዓት ላይ እንዲለቀቁ ሕግ ያስፈለገው አገር ነው።

እኛ ሥራ የምንገባው ቀን 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት እንወጣለን። ደሞዙ ከ2 ሚሊዮን ዎን በላይ ነው፤ ቤት በነፃ ይሰጠናል። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱን የጨረሰ ሰው የአንድ ወር ደሞዝ የሚያህል የስንብት ክፍያ አለው። ቤቱ «ዎንሩም» ይባላል፤ መኝታውም ማብሰያውም በአንድ ክፍል ነው። ጠባብ ናት፣ ግን ወለሏ ከሥር ይሞቃል። ክረምቱ አጥንት ሲሰብር እዚያ ወለል ላይ ተዘርግቶ እንደመተኛት ያለ ነገር የለም።

ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ፈታ ነው። ጠዋት ከሶል ሰሜን ያለው ቡካንሳን ተራራ ላይ እንወጣለን። የኮሪያ አባቶችና እናቶች ኤቨረስት የሚሄዱ ይመስል ሙሉ ትጥቃቸውን ለብሰው ያልፉናል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን የማያውቁን ሰዎች ጠርተው ዱባ በሚያክል ሣህን ያቀረቡትን ያካፍሉናል፤ ኪምባፕ፣ ኪያር፣ ማክጎሊ። (ማክጎሊ ከሩዝ የሚጠመቅ ነጭ መጠጥ ነው፤ የጠላ የሩቅ ዘመድ በሉት።) ገንዘብ ስናገኝ በኬቲኤክስ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚሆን ጊዜ ቡሳን ገብተን የሄዩንዴ ባሕር ዳርቻ ላይ እንውላለን። ሐምሌ ላይ የቦርዮንግ የጭቃ በዓል አለ፤ የዓለም ፈረንጅ ተሰብስቦ ጭቃ የሚቀባበልበት። ሲመሽ ኖሬባንግ ገብተን እስኪነጋ እንዘፍናለን፤ ድምፃችን ሲዘጋ የሙቅ ውሃና የእንፋሎት ቤት ወለል ላይ ከአያቶችና ከሕፃናት ጎን እንተኛለን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ማንም አይነካውም።

ጥሩ ነው? በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ይሄ ሁሉ የሚሰጠን ስለ ምናችን ነው?» ብለን የጠየቅን ቀን ነው።

ሰባቱ አገሮች

እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል። ይህን ቪዛ በእንግሊዝኛ አስተማሪነት ለማግኘት የሰባት አገሮች ዜጋ መሆን ያስፈልጋል፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ከዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ። በምን? በፈለጋችሁት! በቴአትርም ይሁን በባሕር እንስሳት ጥናት፣ ሃግዎን ለመግባት ዲግሪ ከሆነ ይበቃል። ከዚያ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት። አለቀ። አስተምራችሁ ታውቃላችሁ ወይ፣ ሕፃን ልጅ ፊት ቆማችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ሕጉ አይጠይቅም።

አሁን ከዝርዝሩ ውስጥ ደቡብ አፍሪካን ነጥለን እንያት። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ደቡብ አፍሪካዊ ከ100 ሰው 10 አይሞላም። ሌላው ዙሉ፣ ኾሳ፣ አፍሪካንስ፣ ሶቶ እያለ አድጎ እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት ነው ያገኘው። ስለዚህ የኮሪያ ሕግ ከደቡብ አፍሪካውያን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ልብ በሉ! ሕጉ ራሱ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ተምሮ ለማስተማር የሚበቃ ቋንቋ መሆኑን አምኗል ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ባልደረቦቻችን ጎበዞች ናቸው፤ መምጣታቸው ደስ ይለናል። ታዲያ በዚሁ መለኪያ የኬንያው፣ የናይጄሪያው፣ የጋናው፣ የፊሊፒንሱ መምህር ለምን ቀረ? ሁለተኛ ደረጃንና ዩኒቨርሲቲን በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በእንግሊዝኛ ተከራክሮ የጨረሰው የአዲስ አበባ ልጅስ?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝርዝሩ ቋንቋ አይለካም፤ ፓስፖርት ነው የሚለካ። ከፓስፖርቱም ቀጥሎ መልክ አለ። ለሥራ ስናመለክት ከዲግሪያችን በፊት የምንጠየቀው ፎቶ ነው። ፎቶውን ከላክን በኋላ ድምፁ የሚጠፋ ቀጣሪ ስንት እንዳየን እኛ ነን የምናውቀው። ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች ኮሪያዊት አሜሪካዊት ጓደኛችን እንኳ አልተረፈችም፤ እንግሊዝኛዋ ከሁላችን ይበልጣል፣ ግን ፊቷ «እንግሊዝኛ አይመስልም»። ወላጅ ከፍሎ የሚፈልገው የፈረንጅ ፊት ሲሆን ሃግዎኑ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ የተፈለገውን ይሸጣል።

በዚያ ላይ ሕጉ ፓስፖርታችንን ሲያምን እኛን አላመነንም። ከ2007 ጀምሮ የውጭ አገር እንግሊዝኛ አስተማሪዎች የኤችአይቪ ምርመራ እንዲያደርጉ ይገደዱ ነበር። ኮሪያውያን መምህራንና የኮሪያ ዘር ያላቸው የውጭ ዜጎች ግን አይመረመሩም። አንዲት የኒውዚላንድ መምህርት በ2009 «አልደግምም» አለች፤ ሥራዋን አጣች። ጉዳይዋን እስከ ተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ አስወጋጅ ኮሚቴ አደረሰችው። ኮሚቴው በ2015 ምርመራው መድልዎ ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2017 ኮሪያ ግዴታውን አነሳች። ይህን የምናነሳው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ከሰማይ የወረደ ይመስል የነበረ ደንብ አንድ ሰው እምቢ ስላለ ወደቀ። የሰባቱ አገሮች ዝርዝርም ከዚያ የከበደ አይደለም።

ግሱ የት ገባ?

«ቋንቋውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ይሻላል» የሚሉ አሉ። መልካም፣ ክፍል ውስጥ ገብተን እንየው።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «አይ ራይስ ኢት» ይላል። ካናዳዊው ባልደረባችን «ኖ፣ አይ ኢት ራይስ» ብሎ ያርመውና ያልፋል። ልጁ ነገም ይደግመዋል፤ ለምን እንደተሳሳተ የነገረው የለማ! እኛ ግን ገና አፉን ሲከፍት ገብቶናል። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «እኔ ሩዝ እበላለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በኮሪያኛም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ልጁ የሠራው ሁላችንም አራተኛ ክፍል የሠራነውን ነው። ስለዚህ «እንግሊዝኛ ላይ ግሱ ቸኩሎ ይመጣል፣ አታስጠብቀው» እንለዋለን፤ ይስቃል፤ አይረሳውም።

«ዘ» እና «ኤ»ም እንዲሁ ናቸው። ከነሱ ጋር የተወለደ ሰው ሲጠየቅ «እንዲሁ ጆሮዬ ይነግረኛል» ነው የሚለው። እኛ አንድ ክረምት ሙሉ የተደበደብንባቸው ስለሆኑ መንገዱን እናውቀዋለን። የኮሪያ ልጆች «ለአያቴ ስናገር ዩ የሚለው ቃል አክብሮቱ የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁን ጥያቄው አያስደነግጠንም። አንተና እርስዎ ባለበት ቋንቋ አድገናል።

ዘዬውስ? ይህም ሌላው ማመካኛ ነው። አንድ ሃግዎን ውስጥ የግላስጎው፣ የአላባማ፣ የደብሊንና የደርባን ልጆች አብረው ያስተምራሉ። አራቱ ውሃን በአራት ዓይነት ይጠሩታል፤ አራቱም «ትክክለኛ» ናቸው። አምስተኛው የአዳማ ዘዬ ሲሆን ነው ኮሪያ የምትፈርሰው?

ከኛ ይልቅ ይህን ሥራ አጥርተው የሚሠሩ ሰዎች አዲስ አበባ አሉ። አብረውን የተማሩ ናቸው፤ በመምህርነት ተመርቀው 60 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል በጠመኔ ብቻ ያስተምራሉ። በነሱና በኛ መካከል ያለው ልዩነት የአባቶቻችን የስደት ማመልከቻ ነው። ይህን የምንለው ለትሕትና አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው።

የቅዳሜ ሰልፍ

በሐምሌ 2023 ሶል ውስጥ አንዲት ወጣት የአንደኛ ደረጃ መምህርት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሕይወቷን አጠፋች። ከዚያ በኋላ ኮሪያውያን መምህራን በየቅዳሜው ጥቁር ለብሰው አደባባይ ወጡ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነው። የወላጆች ማስፈራሪያና ክስ አስመረረን፣ በሰላም እናስተምር ነበር ጥያቄያቸው። መስከረም 4 ቀን ብዙዎቹ ፈቃድ ወስደው ከሥራ ቀሩ።

በነዚያ ቅዳሜዎች የውጭ አገር አስተማሪው የት ነበር? አብዛኛው ባሕር ዳርቻ። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ነገሩ ስላልነካው ነው። የወላጅ ስልክ አይደውልለትም፣ ማርክ አይሞላም፣ ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል። ይህን ነው ሕጉ የሠራው። ለአሥር ወር የሚጎበኝ፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚዘምርና የሚያዘምር እንግዳ። ኮሪያ በመምህር ቀን ግንቦት 15 መምህሯን በአበባ የምታከብር አገር ናት፤ «ሶንሴንግኒም» የሚለው ቃል እንደኛ «የኔታ» ክብደት አለው። ለኛ ግን «ቲቸር» ነው የሚሉን። ልጆቹ ልዩነቱን ያውቁታል።

ኢቴዎን መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው «ኮሪያውያን ዘረኞች ናቸው» እያሉ የሚያማርሩ ባልደረቦችም አሉን። ያው ሰዎች ግን በሰባቱ አገሮች ዝርዝር ላይ አንዲት ቃል ሲተነፍሱ ሰምተን አናውቅም። በራስህ ላይ ሲደርስ መድልዎ፣ አንተን ሲጠቅም የቪዛ ሕግ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።

ቃኘውን ተዉት

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ፤ አንድ የማንስማማበት ነገር አለና።

ሐበሻ ሆኖ ኮሪያ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ቹንቾን ይሄዳል። ከሶል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በቅመም የተለወሰውን የዶሮ ጥብስ ከጎመን ጋር በሰፊ ምጣድ በልታችሁ ወደ ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ስትወርዱ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ይጠብቃችኋል። በ1968 ሲመረቅ አፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። በዚያው ዓመት የተከፈተው ቡና ቤት ዛሬም አለ፤ ስሙ ላይ «ቤት» የሚለው የኛው ቃል ተጽፏል። ፊት ለፊቱ በ2007 የተከፈተው የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው የጎጆ ቅርፅ ነው። ፈረንጅ ጓደኞቻችንን ይዘን እንሄዳለን፤ ሁሉም ይደነቃሉ፣ እኛም ደረታችን ይነፋል።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው «አያቶቻችን ሞተውላቸው እንዴት ቪዛ ይከለክሉናል?» የምትሉን። ይህን ክርክር ተዉት። የቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ቡሳን ሲገባ የሄደው ለልጅ ልጅ ቪዛ ሊያስቀምጥ አልነበረም። በ1935 ስትወረር የመንግሥታቱ ማኅበር ፊቱን ያዞረባት አገር፣ ሌላው ሲወረር ፊቷን አላዞረችም፤ ይኸው ነው። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ይህን ደም ለሃግዎን ሥራ መያዣ ማድረግ ደሙን ማርከስ ነው።

ሁለተኛ፣ ውለታ የሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ነው። ስጦታውማ መጥቷል! አዲስ አበባ ውስጥ በ2004 የተከፈተው «ኮሪያ ሆስፒታል» አለ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል አለ፣ ለዘማቾችና ለቤተሰባቸው ድጋፍ አለ። እናመሰግናለን። ስጦታ ግን ሕግ አይቀይርም። ሦስተኛ፣ በውለታ ከገባን የኬንያውንና የናይጄሪያውን መምህር በር ላይ ጥለን መግባታችን ነው። እኛ የምንለው ዝርዝሩ ለሁሉም ስህተት ነው ነው።

ማንሳት ካስፈለገ ከቃኘው ይልቅ አዳማን አንሱ። በ2011 የኢትዮጵያ መንግሥት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን እንዲመሩ ኮሪያዊውን ፕሮፌሰር ሊ ጃንግ ጊዩን ሾመ። ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ማንም ተነሥቶ «አፍ መፍቻቸው እንግሊዝኛ ነው ወይ? ፓስፖርታቸው ከሰባቱ ነው ወይ?» አላላቸውም። የታየው ዕውቀታቸው ነው። እኛ ለኮሪያዊ ያደረግነውን ኮሪያም ለሌላው ታድርግ ማለት ልመና አይደለም።

ምን ይደረግ?

«የሰው አገር ሕግ ነው፣ ምን አገባችሁ?» ለሚሉን፣ ሕጉ ለንግድ ሲሆን እንደሚታጠፍ ራሷ ኮሪያ አሳይታለች። በ2010 ሥራ ላይ የዋለው የህንድና የኮሪያ የንግድ ስምምነት ለህንዳውያን ረዳት እንግሊዝኛ አስተማሪዎች በር ከፍቷል፤ ከነሱ ግን በሰባቱ አገሮች ዜጋ ላይ ሕጉ የማያስገድደውን የማስተማር ብቃት ማስረጃ ይጠይቃል። ያ መስፈርት ለሁሉም ይሁን ነው የምንለው። ፓስፖርት ይቅር፤ የቋንቋ ፈተናና የማስተማር ማስረጃ ይግባ። እኛም እንፈተን! የሚወድቅ ይውደቅ።

በሰኔ 2024 የኮሪያና የአፍሪካ መሪዎች ሶል ላይ ተሰብስበው ስለ ማዕድን፣ ስለ ብድርና ስለ ንግድ ተነጋግረዋል። ጠቅላይ ሚኒስትራችንም ነበሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ከአበባ ጉንጉኑ ጎን ይህች አንዲት ገጽ ትቀመጥ። እስከዚያው ግን አዲስ አበባ ውስጥ «በኢትዮጵያ ፓስፖርት የኢ-2 አስተማሪ ቪዛ አስወጣላችኋለሁ» የሚላችሁ ደላላ ካለ ይዋሻል፤ አንድ ሳንቲም አትስጡት።

ቦሌም ላይ ሥራ አለ። «የውጭ አገር አስተማሪ አለን» ብለው ክፍያ የሚጨምሩ የግል ትምህርት ቤቶቻችንና ያንን ሰምተው የሚሰለፉ ወላጆች ከሃግዎኑ ነጋዴ በምን ይለያሉ? ሃያ ዓመት ያስተማረችውን እትዬ ወደ ጎን አድርጎ የፈረንጅ ፊት ብሮሹር ላይ የሚለጥፍ ሰው የሰባቱን አገሮች ዝርዝር በልቡ ይዞ ይዞራል።

እኛ በዚህ ሕግ እየበላን መናገራችን የሚያናድዳችሁ ባልደረቦቻችን፣ ይናድዳችሁ። ቅዳሜ ተራራ እንወጣለን፣ ሰኞ እናስተምራለን፣ በመካከሉ እንናገራለን። ዝርዝሩ ይውጣ፣ ፈተናው ይግባ።